የማያሳክከው ብናኝ

በደቡብ ወሎ፣ ደጎሎ ላይ ገብስ ወቅቶ ያደረ ሰው እከኩን ያውቀዋል። ጥቁሩ የጃማ አፈር ደርቆ ሲሰነጠቅ፣ አውድማው ተለቅልቆ ነዶው ሲወርድ፣ የዛላው ሹል ጢም በአንገትጌ፣ በብብትና በክርን መታጠፊያ ሁሉ ይገባል። ወቂው ማታ ይታጠባል፤ ልብሱን ደጅ ያራግፋል፤ ልጆቹንም ከገለባው ክምር ራቁ ይላል። ይኸው ገበሬ ክረምት ላይ እርጥበት ነክቶት የሻገተ ድርቆሽ ሲያገላብጥ ግን አፍንጫውን እንኳ አይሸፍንም፤ ከሻገተ ድርቆሽ የሚነሣው ብናኝ አያሳክክምና። ሳንባ ውስጥ የሚያደርሰው ጉዳት ግን ከገብሱ ጢም እጅግ የከፋ ነው። የሻጋታው ብናኝ የማይስማማውን ሰው ከአራት እስከ ስምንት ሰዓት ቆይቶ እንደ ወባ ብርድ ብርድ ያሰኘዋል፤ ያስለዋል፤ ትንፋሽ ያሳጥረዋል። ለዓመታት ሲደጋገም ደግሞ ሳንባ ላይ የማይሽር ጠባሳ ይተዋል። የሰውየው ጥንቃቄ ያለው እከኩ ዘንድ ሲሆን አደጋው የተቀመጠው ሌላ ቦታ ነው።

ሥራ ላይ ስለምንተነፍሰው ብናኝ የምንፈርደው በአብዛኛው ቆዳችን በሚነግረን ነው። ቆዳ ግን ለሳንባ ሊመሰክር አይችልም። ይህን ከማንኛውም ነገር አጉልቶ የሚያሳየው በአገራችን በየጊዜው እየተስፋፋ የመጣው ፋይበርግላስ ነው። ስለዚህ ዕቃ ሁለት ነገር ይነገራል፤ አንዱ ወገን ሳንባ የሚበጣጥስ መርዝ ነው ይላል፤ ሌላው ደግሞ ታጥበው የሚገላገሉት ተራ እከክ ያደርገዋል። ሁለቱም መነሻቸው ማሳከኩ ነው፤ ሁለቱም የሚስቱትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ፋይበርግላስ ቀልጦ እንደ ክር የተሳበ መስታወት ነው። አመራረቱ ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ቀልጦ ሳለ በሚሽከረከር ማሽን እየተረጨ አጫጭርና የተጠላለፈ እንደ ሱፍ ያለ ነገር የሚሆነው ሲሆን፣ ሙቀትና ድምፅ ለማገድ ያገለግላል። በዳቦ መጋገሪያ ምድጃ ግድግዳ ውስጥ፣ በእንፋሎት ቧንቧ ዙሪያ፣ በአየር ማቀዝቀዣ ቱቦ ላይ የሚጠቀለለው እሱ ነው። ሁለተኛው ሳይቆረጥ በረጅሙ የሚሳበው ክር ነው፤ እንደ ጨርቅ ይሸመንና ሬዚን በሚባል ፈሳሽ ተነክሮ ሲደርቅ ቀላልና ጠንካራ አካል ይወጣዋል። የመኪና መከላከያና የአውቶቡስ ፊት፣ በጣናና በሐዋሳ ሐይቅ ላይ የሚሄዱት ትንንሽ የሞተር ጀልባዎች፣ ብርሃን የሚያሳልፍ የመጋዘን ጣሪያ ከዚህ ይሠራሉ። ትልቁ ምሳሌ ግን የነፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 እና በ2015 ሥራ የጀመሩት ሁለቱ የአዳማ ጣቢያዎች ብቻ በድምሩ 136 ተርባይን አላቸው። እያንዳንዱ ተርባይን ሦስት ክንፍ ስላለው ከ400 በላይ የፋይበርግላስ ክንፍ ከአዳማ በላይ ይሽከረከራል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የተመረቀው የመቀሌው አሸጎዳ ደግሞ 84 ተርባይን አለው። ክንፉ በነፋስ፣ በአሸዋና በዝናብ ይፋቃል፤ ሲፋቅም ሰው በገመድ ተንጠልጥሎ ያለሰልሰዋል፣ ይደርበዋል።

ከደጎሎ፣ ከመካነ ሰላም፣ ከከላላና ከወግዲ ተነሥቶ ሥራ ፍለጋ ደሴ፣ ኮምቦልቻና አዲስ አበባ የሚወርደው ወጣት ይህን ዕቃ የሚያገኘው ጋራዥ ውስጥ ወይም ሕንፃ ሥራ ላይ ነው። ባሕር ተሻግሮ ዓረብ አገር የደረሰውም ያለ ማቀዝቀዣ በማይኖርበት አገር፣ በየሕንፃው ጣሪያ ሥር ያገኘዋል። ዕቃው ምን እንደሆነ የሚያስረዳው ሰው ግን አይኖርም። ከቀደሙት የሚሰማው «ያሳክካል፣ ትለምደዋለህ» የሚለውን ብቻ ነው።

ለምን ያሳክካል? መልሱ ውፍረቱ ላይ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን አካባቢ ነው፤ ማይክሮን የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ቆዳን የሚወጋው የመስታወት ክር ከአራት ወይም ከአምስት ማይክሮን በላይ የሚወፍረው ነው፤ የላይኛውን ቆዳ ጨረፍ አድርጎ ይቆማል፣ ልብስ ሲነካው ደግሞ እንደገና ይቀሰቅሰዋል። ላብ ሲኖር ይብሳል። ወደ ሳንባ ጥልቅ የሚዘልቀው ግን ከሦስት ማይክሮን የቀጠነው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ክር በሳንባ ረገድ ሲቆጠር የሚጠቀምበት መለኪያም ይኸው ነው፤ ውፍረቱ ከሦስት ማይክሮን በታች፣ ርዝመቱ ከአምስት ማይክሮን በላይ፣ ርዝመቱም ከውፍረቱ ቢያንስ ሦስት እጥፍ የሆነ። ወፍራሙን አፍንጫና ጉሮሮ ይይዙታል፤ ቀጭኑ ማንንም ሳይቀሰቅስ ያልፋል። ስለዚህ አንድ ሠራተኛ ክንዱ ቀልቶ እያከከ ሳንባው ንጹሕ ሊሆን ይችላል፤ ሌላው ደግሞ ምንም ሳይሰማው ከመጠን በላይ ክር ሲተነፍስ ሊውል ይችላል።

ውፍረት ብቻውንም አይበቃም፤ ሳንባ ውስጥ የገባው ነገር ስንት ጊዜ ይቆያል የሚለው ይከተላል። አስቤስቶስ የሚባለው ባለ ክር ማዕድን ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው። አስቤስቶስ ሲሰበር በርዝመቱ እየተሰነጠቀ ይበልጥ ይቀጥናል፤ ሳንባ ውስጥ ገብቶም ለአሥርት ዓመታት ሳይሟሟ ይኖራል። መስታወት ግን ወደ ጎን ይሰበራል፤ ያጥራል እንጂ አይቀጥንም። ተራው የመስታወት ሱፍ በሳንባ ፈሳሽ ውስጥ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ይሟሟል። የሠራተኞች የጤና መዝገብም ከዚህ ጋር ይስማማል። በአሜሪካ በአሥር የፋይበርግላስ ፋብሪካዎች የሠሩ ከ32 ሺህ በላይ ሰዎች ለአሥርት ዓመታት ተከታትለው ሲጠኑ፣ በሳንባ ካንሰር የሞቱት ከአካባቢው ሕዝብ ያላቸው ብልጫ 6 በመቶ ገደማ ነበር፤ ማጨስ ሲታሰብና የተነፈሱት ክር መጠን ሲነጻጸር ያችም ብልጫ ከፋይበርግላሱ ጋር የሚያያዝ መልክ አላሳየችም። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ1988 የመስታወት ሱፍን «ካንሰር ሊያመጣ ይችላል» ከሚባሉት ጋር መድቦት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ማስረጃውን እንደገና መርምሮ ተራውን የመስታወት ሱፍ ከዚያ ምድብ አወጣው።

ይህን ያነበበ የጋራዥ ባለቤት «እንግዲያ ምን ቀረ? እከኩን ታጠቡና ሥሩ» ሊል ይችላል። ክርክሩ ጠንካራ ስለሆነ በቁም ነገር ሊመለስለት ይገባል። በመጀመሪያ ኤጀንሲው ሱፉን ያዛወረበት ምድብ «ለመፈረጅ ማስረጃው አልበቃም» የሚል ነው፤ ንጹሕ ነው የሚል ምስክርነት አልሰጠውም። ሁለተኛ፣ ውሳኔው ለሁሉም ነጭ ሱፍ አይሠራም። ለብረት ማቅለጫና ለከፍተኛ ሙቀት ምድጃ የሚውለው የሴራሚክ ክር፣ እንዲሁም ለልዩ ሥራ ተብለው የሚሠሩ አንዳንድ ቀጫጭን የመስታወት ክሮች እዚያው አጠራጣሪው ምድብ ውስጥ ቀርተዋል። የሴራሚኩ ክር ከመስታወቱ ሱፍ ጋር ሲያዩት አንድ ይመስላል፤ ከአሮጌ ምድጃ ላይ የተነቀለ ነጭ ጥቅል መለያ ወረቀቱ ከጠፋ ቆይቷልና የሚነቅለው ሰው የቱን እንደያዘ አያውቅም። ሦስተኛውና ዋነኛው ግን የጥናቱ ሰዎች ማን እንደነበሩ ነው። ዕቃውን በሚያመርት ፋብሪካ የሠሩ ሰዎች ናቸው። እዚያ የተገኘ መልካም ዜና በሩ ተዘግቶ በግራይንደር ለሚቆርጠው ሠራተኛ በቀጥታ አይተላለፍም።

የሥራው ዓይነት ሲለያይ የሚተነፈሰው መጠን ምን ያህል እንደሚለያይ ከልኬቶቹ ማየት ይቻላል። ለመስታወት ሱፍ በብዙ ቦታ እንደ ጣሪያ የሚወሰደው መጠን በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር አየር ውስጥ አንድ ክር ነው። ሱፉን የሚያመርቱት ሠራተኞች በአብዛኛው ከዚያ በእጅጉ በታች ይውላሉ። ረጅሙን ክር በሚያመርቱት ዘንድ ሳንባ የሚደርስ ክር ኢምንት ነው፤ ክሩ ሲወጣም ወፍራም ነውና። በጥቅል የመጣውን ሱፍ ቆርጠው የሚያለብሱት ከፍ ይላሉ። ማያያዣ ሙጫ የሌለውን ልቅ ሱፍ በጠባብ ኮርኒስ ውስጥ በማሽን የሚነፉት ግን ያን ጣሪያ የሚያልፉበት ጊዜ አለ። አንድ ዕቃ ነው፤ ስሙም ያው ነው። ልዩነቱን የፈጠሩት የቦታው ጥበት፣ የማያያዣው ሙጫና የአቆራረጡ መንገድ ናቸው። ጉዳቱን የሚወስነው የዕቃው ስም ሳይሆን አሠራሩ ከሆነ ደግሞ ጥንቃቄው መሄድ ያለበት ወደ አሠራሩ ነው።

እስቲ አንድ የተሰነጠቀ የመኪና መከላከያ ሲጠገን ደረጃ በደረጃ እንየው። ሠራተኛው በመጀመሪያ ስንጥቁን በግራይንደር ይከፍተዋል። ከዲስኩ ሥር የሚወጣው ነጭ ብናኝ የመስታወት ስብርባሪና የደረቀ ሬዚን ዱቄት ድብልቅ ነው፤ የሚያሳክከው ወፍራሙ መሬት ሲወርድ ደቃቁ አየር ላይ ተንሳፍፎ ይቆያል። ቀጥሎ ሬዚኑን በጣሳ ቀድቶ ጥቂት ጠብታ ማጠንከሪያ ያክልበታል። ይህች ጥቂት ጠብታ ኃይለኛ ፔሮክሳይድ ናት፤ ዓይን ውስጥ ብትረጭ እስከ መታወር ታደርሳለች፤ ከሬዚኑ በፊት ከማፋጠኛው ፈሳሽ ጋር በቀጥታ ከተገናኘች ትፈነዳለች። ከዚያ ጨርቁን ዘርግቶ ሬዚኑን በብሩሽ ያጠጣዋል፣ አረፋው እንዲወጣም በሮለር ይጫነዋል። ይህን ሲያደርግ ፊቱ ከእርጥቡ ሬዚን ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ነው፤ የሚሸተው ስለታም ሽታም ስታይሪን የሚባለው ተን ነው። ስታይሪን ራስ ያዞራል፤ ለዓመታት ሲተነፈስ የመስማት ኃይልንና ቀለም የመለየት ችሎታን ያዳክማል። ያው የካንሰር ኤጀንሲ የመስታወት ሱፍን ከአጠራጣሪው ምድብ ባወጣ በ17ኛው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2018፣ ስታይሪንን «ካንሰር የማምጣት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው» ወደሚለው ምድብ ከፍ አድርጎታል። በክፍት ቅርጽ ላይ በእጅ መለጠፍ ደግሞ ከፋይበርግላስ ሥራዎች ሁሉ ስታይሪን በብዛት የሚተነፈስበት ነው። ሠራተኛው ግን በዚህ ሰዓት ምንም አያሳክከውም። አፍንጫውም ሽታውን በደቂቃዎች ውስጥ ይለምደውና «ሽታው ጠፋ» ይላል፤ ተኑ ግን አልጠፋም።

ሬዚኑ ሲደርቅ ስቱኮ ይቀባና ይፈገፈጋል። በመጨረሻም አብዛኛው ሠራተኛ የኮምፕሬሰሩን ቱቦ አንሥቶ ልብሱንና ፀጉሩን ይነፋል። ከሥራው ሁሉ እጅግ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። እከኩን ለመገላገል የተደረገው ነገር መሬት የተኛውን ደቃቅ ብናኝ ሁሉ አስነሥቶ፣ የእሱንም የጎረቤቱንም ሳንባ ይሞላል። በዚያው ቱቦ የፍሬን ከበሮ የሚነፋው መካኒክ ደግሞ አጠገቡ ቆሟል። ያረጀ የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል፤ ጥቁሩ ብናኝ አያሳክክም፣ አያስነጥስም፤ በአንድ ጋራዥ ውስጥ ከሚነሡት ብናኞች ሁሉ ግን በጣም ሊፈራ የሚገባው እሱ ነበር።

ማሳከክም ቢሆን ሁሉም አንድ ዓይነት አለመሆኑ መነገር አለበት። የነፋስ ተርባይን ክንፍ በብዛት የሚሠራውና የሚጠገነው ኢፖክሲ በሚባል ሬዚን ነው። ኢፖክሲ ሳይደርቅ ቆዳ ሲነካ አለርጂ ሊያስይዝ ይችላል፤ አንዴ የያዘው ሰው ከዚያ በኋላ ጥቂት ጠብታ ትበቃዋለች፣ ሥራውንም ለመተው ሊገደድ ይችላል። የመስታወቱ እከክ ታጥቦ ይሄዳል፤ ይኼኛው እያደር ይብሳል። «ትለምደዋለህ» የሚለው ምክር በጣም የሚጎዳው እንዲህ ያለውን ሰው ነው።

አሁን ወደ ደጎሎ እንመለስ። በጃማ፣ በወሎው ቦረናና በለጋምቦ ሜዳ ላይ ፋይበርግላስ ሲቆርጥ የሚውል ሰው ጥቂት ነው፤ ብናኝ ሲተነፍስ የሚውለው ግን ብዙ ነው። ጃማ የስንዴ አገር ነው፤ ወፍጮ ቤቱም ብዙ ነው። የወፍጮ ቤት ሠራተኛ ቅንድቡ ነጭ ሆኖ ይውላል፤ ዱቄት ምግብ ነው ብለን ስለምናስብ ለአፍታ አንጨነቅለትም። የስንዴ ዱቄት ግን በዓለም ላይ የሥራ ቦታ አስምን በማምጣት ከታወቁት ቀዳሚ ነገሮች አንዱ ነው። መጀመሪያ ማስነጠስና የአፍንጫ ፈሳሽ ይመጣል፤ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ደረት ማፈን ይከተላል። ወፍጮው ሲደነዝ ደግሞ ድንጋዩ ተነሥቶ ይወቀራል፤ ያን ጊዜ የሚነሣው ብናኝ ከዱቄቱ የተለየ ነው።

ድንጋይ ስንል የአገሩ ተፈጥሮ ራሱ ትምህርት ይሰጣል። የደጎሎና የመካነ ሰላም ደጋ የቆመው እሳተ ገሞራ በተከለው ጥቁር ባሳልት ላይ ነው። ወደ ዓባይና ወደ ጃማ ወንዝ ሸለቆ ሲወረድ ግን ከባሳልቱ ሥር የአሸዋ ድንጋይና የኖራ ድንጋይ ይገለጣል። ጠራቢው ሁለቱንም በአንድ መሮና በአንድ መዶሻ ይጠርባል፤ ብናኙም ለዓይን ብዙ አይለያይም። ሳንባ ዘንድ ግን ልዩነቱ ሰፊ ነው። በባሳልት ውስጥ ኳርትዝ ጥቂት ወይም ምንም ሲሆን የአሸዋ ድንጋይ በአብዛኛው ኳርትዝ ነው። ደቃቅ የኳርትዝ ብናኝ ሲሊኮሲስ የሚባለውን መድኃኒት የሌለውን የሳንባ ጠባሳ ያመጣል፤ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮም በካንሰር አምጪነቱ በተረጋገጠው ምድብ ውስጥ ነው። ባለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት ገደማ ኮብልስቶን በየከተማው ሲስፋፋ ብዙ ወጣት መሮ ይዞ ከድንጋይ ክምር አጠገብ ተቀምጧል። የሚጠርበው ድንጋይ ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ የጤና ጥያቄ መሆኑን የነገረው ሰው ግን ያለ አይመስለኝም። የድንጋይ ብናኝ አያሳክክም፤ ማታ ታጥቦ ይተኛል።

የማያሳክክ ብናኝ ሠራተኛን ሲጎዳ በአገራችን በቁጥር የታየበት ጥናትም አለ። እ.ኤ.አ. በ1991 በታተመ አንድ ጥናት በኢትዮጵያ የጥጥ ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ 595 ሠራተኞች ተመርምረው ነበር። የጥጥ ብናኝ በሚያመጣው ቢሲኖሲስ በሚባል የደረት ሕመም በብዛት የተያዙት ጥጡ በሚፈታበትና በሚነፋበት ክፍል ያሉት ሠራተኞች ሲሆኑ ከእነሱ 43.2 በመቶው ታመው ነበር፤ በማበጠሪያው ክፍል ካሉት ደግሞ 37.5 በመቶው። በሌሎቹ ክፍሎች ከ4 እስከ 24 በመቶ ነበር። ፋብሪካው አንድ፣ ጥጡም አንድ ሆኖ ሳለ ከክፍል ክፍል ያለው ልዩነት ይህን ያህል ነው። ይህ ለደቡብ ወሎ ሰው የሩቅ ወሬ አይሆንም፤ ኮምቦልቻ ጨርቃጨርቅ ከደሴ በታች ነው፣ ከምዕራቡ ደጋ የወረደ ስንት ሰው እዚያ ዕድሜውን ሠርቷል።

ሳሉ ከጀመረ በኋላ የሚመጣው ችግር ደግሞ ሌላ ነው። በእኛ አገር ለወራት የሚያስል፣ የከሳና ትንፋሽ ያጠረው ሰው ጤና ጣቢያ ሲሄድ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የሳንባ ነቀርሳ ነው፤ ተገቢም ነው፣ ነቀርሳ ብዙ ነውና። ነገር ግን ሲሊኮሲስ ነቀርሳን ይመስላል፤ መምሰል ብቻ ሳይሆን ነቀርሳን ይጋብዛል፣ ኳርትዝ የገባበት ሳንባ ነቀርሳን የመቋቋም አቅሙ ይደክማልና። ስለዚህ የድንጋይ ጠራቢው አክታ ተመርምሮ «ነፃ ነህ» ቢባል ነፃ ላይሆን ይችላል፤ ነቀርሳው ተገኝቶ ቢድንም ወደዚያው ብናኝ ከተመለሰ እንደገና ሊያዝ ይችላል። ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ እ.ኤ.አ. በ1700 ባሳተመው መጽሐፉ ሐኪም በሽተኛውን ከሚጠይቃቸው ነገሮች ላይ «ሥራህ ምንድን ነው?» የሚለውን እንዲጨምር መክሮ ነበር። መሣሪያ የማይጠይቅ፣ ገንዘብ የማያስወጣ ጥያቄ ነው። በደጎሎም ሆነ በመካነ ሰላም በታካሚው ካርድ ላይ «ገበሬ» ወይም «ቀን ሠራተኛ» ተብሎ ከሚታለፍ፣ ምን ሲቆርጥ፣ ምን ሲፈጭ እንደሚውል ቢጻፍ ሐኪሙ የሚያስበው ነገር ይለወጣል።

እዚህ ላይ ከባድ ተቃውሞ ይነሣል። በዚህ ደጋ እንጨት አልቆ ሰው የሚያነደው ኩበት ነው፤ እናቶችና ሕፃናት መስኮት በሌለው ቤት የሚተነፍሱት ጭስ ከየትኛውም ጋራዥ አይተናነስም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው እ.ኤ.አ. በ2020 የቤት ውስጥ ጭስ ወደ 3.2 ሚሊዮን ሰው ገድሏል። ይህ ሁሉ ባለበት ስለ ፋይበርግላስና ስለ ወፍጮ ማውራት ቅንጦት አይሆንም ወይ? ጭሱ ትልቁ ሸክም መሆኑን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። ነገር ግን የወፍጮ ቤቱ ሠራተኛ ማታ የሚገባው ወደዚያው ጭስ ቤት ነው፤ ሳንባው አንድ ነውና ሁለቱ ይደመሩበታል። ቀድሞ በጭስ የተዳከመ ደረት የሥራውን ብናኝ የሚችልበት አቅም ያንሳል። ከዚህም ሌላ የምድጃው ጉዳይ ማገዶን፣ ኤሌክትሪክንና ገቢን የሚነካ የዓመታት ሥራ ሲሆን፣ ከሥራ ቦታው ብናኝ ብዙው በዚህ ሳምንት ሊቀነስ የሚችል ነው።

እንዴት ለሚለው ብዙ ሰው የሚመልሰው «ማስክ ይሰጣቸው» ብሎ ነው፤ ገንዘብ የለም የሚለው መልስም ወዲያው ይከተላል። ማስክ ግን የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው እርምጃ ሊሆን አይገባም። በፊት ላይ የሚጠመጠም ሻሽ ወይም የነጠላ ጫፍ ወፍራሙን ብቻ ይይዛል፤ ደቃቁን ያሳልፋል፤ ባለቤቱንም ተጠብቄያለሁ ብሎ እንዲዘናጋ ያደርገዋል። ደህና የብናኝ ማስክ እንኳ የስታይሪንን ተን አያግድም፤ ለተን የከሰል ማጣሪያ ያለው ዓይነት ያስፈልጋል። ከሁሉ በፊት ብናኙ እንዳይነሣ ማድረግ ይሻላል። ድንጋይ ከመጠረቡ በፊትና እየተጠረበ ውኃ ሲረጭበት ብናኙ በእጅጉ ይቀንሳል፤ ፋይበርግላስም በእርጥቡ ቢፈገፈግ እንዲሁ ነው። የሬዚን ሥራ በተቻለ መጠን ደጅ ይሠራ፤ የግድ ቤት ከሆነም የስታይሪን ተን ከአየር ስለሚከብድ የላዩ መስኮት ብቻውን አይበቃም፣ በሩ መከፈት አለበት። ልብስ በኮምፕሬሰር መንፋት መቅረት አለበት፤ በእርጥብ ጨርቅ ማበስ ይበቃል። የሥራ ልብስ ከሕፃናት ልብስ ጋር ባይታጠብ ጥሩ ነው። ነፋስን በተመለከተ ደግሞ የጃማን ገበሬ የሚያስተምረው የለም። በላይዳ ሲያዘራ እብቁ ወደ ማንም እንዳይመጣ ነፋሱን ከጀርባው አድርጎ ይቆማል። ያንኑ ዕውቀት ድንጋይ ጠራቢዎቹ አቀማመጣቸው ላይ ቢያውሉት፣ አንዱ የሌላውን ብናኝ ከመተንፈስ ይድን ነበር። አሁን በብዙ ቦታ የሚታየው ፊት ለፊት ተቀምጦ መጥረብ ነው፤ ለጨዋታ ይመቻል፣ ለሳንባ ግን አይመችም።

የቀረው የሕጉ ጉዳይ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 ለሠራተኞች ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢ መብት ይሰጣል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው ስለ ሥራው አደጋ እንዲያስተምር፣ መከላከያ ዕቃ እንዲሰጥ፣ አደገኛ ሥራ ላይ ያሉትን በራሱ ወጪ እንዲያስመረምር ያዛል። ኢትዮጵያ የዓለም ሥራ ድርጅትን የሙያ ደኅንነትና ጤንነት ስምምነት ቁጥር 155 ያጸደቀችው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። ሕግ የለም ማለት አይቻልም። ችግሩ ሕጉ የተጻፈው አሠሪና ሠራተኛ ለሚባሉ ሁለት ሰዎች መሆኑ ነው። ተደራጅቶ ድንጋይ የሚጠርብ ማኅበር አባል አሠሪው ራሱ ነው። ከአጎቱ ዘንድ ጋራዥ የሚማር ልጅ ደመወዝም ውልም የለውም። የወፍጮ ቤቱ ሠራተኛም ብዙ ጊዜ ቤተ ዘመድ ነው። የሥራ ተቆጣጣሪ እነዚህን ደጆች የሚያንኳኳበት ምክንያት አያገኝም። ይህ ማለት ግን መንግሥት ከእነሱ ጋር አይገናኝም ማለት አይደለም። ማኅበሩ ሲደራጅ፣ ቦታ ሲመራ፣ ብድር ሲወስድና የሠራውን ድንጋይ ለከተማው ሲያስረክብ ከወረዳው ጽሕፈት ቤቶች ጋር ይፈራረማል። የኮብልስቶን ውል የድንጋዩን መጠንና ቅርጽ በሴንቲ ሜትር የሚያስቀምጥ ከሆነ፣ ድንጋዩ ከየትኛው ካባ እንደሚወጣና በውኃ እየረጠበ እንዲጠረብ አንድ መስመር መጨመር አያቅተውም። ጋራዥ ፈቃድ ሲሰጠው ወይም ሲያድስም የሬዚን ሥራ የት እንደሚሠራ አንድ ጊዜ ገብቶ ማየት ይቻላል።